ከባዶው ቀጥሎ ያለችው ጭረት

ቀወት፣ ሸዋ ሮቢት አጠገብ
ጥር ፲፫ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሐይማኖት፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አለን። እኔም፣ አሰገደችም፣ ሩትም፣ ጥጃይቱም ሳትቀር ደህና ነን። ጥምቀትን በሰላም ውለናል፣ ታቦቱም በሰላም ገብቷል። የሮቢት ሰው በዚህ ሰሞን «በሰላም» ካለ እዚያው ላይ ያቆማል፤ አንቺም እዚያው ላይ አቁሚልኝ።

«ሩትን ልምጣና ልውሰዳት?» ላልሽው መልሴ አትምጪ ነው። ለገና ሰንብታ ትመለሳለች ብለሽ የላክሻት ልጅሽ እኔ ዘንድ መቅረቷ ከፍቶሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። ስልኩም ከገና ዋዜማ ጀምሮ ድምፅ የለውም። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ የካራቆሬው ሙዓዊያ፣ የአባዱላው ሾፌር ነው። እሱ እንኳን ለዚህ መንገድ የተወለደ ልጅ፣ ባለፈው ሁለት ጊዜ ከደብረ ሲና ተመልሷል። አንቺን መሐል መንገድ ላይ አስቤ እንቅልፍ ከማጣ፣ አዲስ አበባ ሆነሽ ብታለቅሺ ይሻለኛል።

ስለ ሕመሟ የጠየቅሽኝን ሳልመልስ ደብዳቤውን ብጨርሰው ደስ ባለኝ ነበር። አብረሽ የላክሽው ክኒን ስድስት ቀርቷል። ሮቢት ያሉትን መድኃኒት ቤቶች በባጃጅ ዞሬ ጨረስኳቸው፤ የለም። አጣዬም ሰው ላክሁ፤ የለም። ለማትረፍ ብዬ አንዱን ክኒን ለሁለት ቀን ሳደርገው፣ በጥምቀት ማግስት ትንሽ ጣላት። ትንሽ ነው። አሰገደች «ትንሽ አይደለም ብለህ ጻፍ» ትለኛለች፤ ነገር ግን ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ደህና ናት። ትሮጣለች፣ ማንጎ ሥር ቁጭ ብላ ከጥጃይቱ ጋር ትጣላለች። ሰው ዕድሜዋን ሲጠይቀኝ «አምስት» ካልኩ፣ ከየት እንደምትመጣ እንጃ፣ «ተኩል!» ብላ ትጮህብኛለች። ተኩሏን የነካባት ሰው በዚህ ቤት በሰላም አይውልም።

የኔን መድኃኒት በትክክል እወስዳለሁ ወይ ላልሽው፣ እወስዳለሁ። የጤና ጣቢያው ነርስ የግፊቱን ካርድ ላይ 1,0 ብሎ ጽፎልኛል፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ ባዶ ማለት ነው። የአሰገደች 1,1 ነው። እዚህ አገር መድኃኒት የሚዋጥ ሁሉ እንደዚሁ ነው የሚነበበው፤ ተሳስቼ አላውቅም።

አዲሱ ትምህርት ቤትሽ እንዴት ነው? ምንም አልጻፍሽልኝም። የፈረንጆቹ ሒሳብ ከኛ ይለያል አሉ። ለመሆኑ ሁለትና ሁለት እዚያ ስንት ነው?

አጎትሽ ሀይሉ


አዲስ አበባ
17/5/2016

ይድረስ ለምወድዎ ለጋሼ ሀይሉ፤

ጉልበትዎን ስሜ ሰላም እላለሁ፤ እትዬ አሰገደችንም እንዲሁ። ደብዳቤዎ በአራተኛ ቀኑ ደረሰኝ። «ትንሽ ነው» ያሉትንም፣ «ትንሽ አይደለም» የተባለውንም አነበብኩ። ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ አሰገደችን አመንኩ።

ክኒኑን እዚህም አጣሁት። ስድስት ኪሎ፣ መርካቶ፣ ሜክሲኮ፣ ያልገባሁበት መድኃኒት ቤት የለም። በመጨረሻ የትምህርት ቤታችን ነርስ ከአገሯ ስትመለስ ይህን ሽሮፕ አመጣችልኝ። ወስጄ ለሩት ዶክተር አሳየሁት፤ ያው የድሮው መድኃኒት ነው፣ በፈሳሽ መልክ የተሠራ ነው እንጂ፤ አለኝ። ጠርሙሱ ስልሳ ሚሊ ነው። በታዘዘላት መጠን ሁለት ወር ያደርሳችኋል። እስከዚያ መንገዱም ይከፈት ይሆናል። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ አብሬ ልኬያለሁ፤ በሱ እየለኩ በአፏ ይጨምሩላት። መጠኑን በወረቀት ጽፌ ጠርሙሱ አንገት ላይ አስሬዋለሁ። ይጠንቀቁልኝ ጋሼ፤ ሲጎድል ይጥላታል፣ ሲበዛ ደግሞ ትንፋሽ ድረስ ያደክማል ብሎኛል ዶክተሩ። እርስዎ ስላሉ ግን አልፈራም።

አልፈራም ማለቴ ውሸት ነው። እፈራለሁ። በየሰዓቱ እደውላለሁ፤ ያቺ ሴትዮ በሚያምር ድምፅ «አይገኙም» ትለኛለች። ሙዓዊያ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ፊቱን ነው፤ ከደብዳቤው በፊት።

ትንሽ ላስቅዎ። ሁለትና ሁለት እዚህም አራት ነው፤ አጻጻፉ ግን ሌላ ነው። አንድ ቁጥራቸው ረጅም ጣሪያ አለው፤ የመጀመሪያ ሳምንት ሁሉንም ሰባት እያልኩ ልጆቹን ጣልኳቸው። ሰባትን ደግሞ እንዳይምታታ ወገቡ ላይ መቀነት ያስሩለታል። ማካፈል በሁለት ነጥብ ነው፤ የኛ ሰው ድሮ ቃልን ከቃል የሚለይበትን እነሱ ቁጥር ያካፍሉበታል። ስብሰባ በሁለት ሰዓት ብለውኝ በጠዋት ሄጄ ስድስት ሰዓት ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ርዕሰ መምህሯ «እጅሽ የለመደውን መጀመሪያ መተው አለብሽ» አለችኝ። ማታ ማታ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ደብተር ይዤ እጄን አለማምዳለሁ። ነጥቡንም አስቀይረውኛል፤ እሱ ግን ረጅም ወሬ ስለሆነ ስንገናኝ አጫውትዎታለሁ። ሙዓዊያ ሞተሩን አስነሥቶ ክላክስ እያደረገብኝ ነው።

ልጅዎ ሐይማኖት

በጠርሙሱ አንገት ላይ የታሰረው ወረቀት፦

ሩት። ጠዋትና ማታ 0,5
በሲሪንጁ ተለክቶ፣ ከምግብ በኋላ።


ቀወት
ጥር ፳፭ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሐይማኖት፤

እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን። ዛሬ «ደህና ነን» ስልሽ ደግሞ ከልቤ ነው።

ጠርሙሱ በአሥራ ዘጠኝ ገባልን። ሙዓዊያ ሁለት ቦታ አስቁመው ፈትሸውት፣ በዱቄት ኬሻ ውስጥ ቀብሮ ነው ያሳለፈው። ሲሰጠኝ እሱም ጠርሙሱም ነጭ ሆነው ነበር። የዚያኑ ዕለት ጀመርን። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቀን አልጣላትም! መድኃኒትስ የፈረንጅ ነው።

ትተኛለች። ድሮ ዶሮ ሲጮህ ቀድማን የምትነሣው ልጅ፣ አሁን እስከ ረፋድ፣ አንዳንድ ቀንም እስከ ምሳ ድረስ ትተኛለች። ሕመሙ ሲለቃት የከረመ ድካሟ እየወጣላት ነው። ስትነሣ እግሯ ትንሽ ይዝላል፣ ቃሏም ይጎተታል፤ አሰገደች ሙቀቱ ነው ትላለች። በዚህ ዓመት ቆላው በጥር ነው የጀመረው። ጥጃይቱንም ማባረር ትታለች። ትናንት አንድ የደብሩ ሰው ዕድሜዋን ጠየቀኝ። «አምስት» አልኩት፤ ዝም አለች። እንዴት ጨዋ ሆናለች ብዬ ደስ አለኝ።

ካልሽኝ ውስጥ በአንድ ነገር ብቻ አልተስማማሁም። ጠርሙሱ ወገቡ ላይ ደርሷል። ስድስት ቀን ነው የሰጠኋት፣ ስድስት ቀን ብቻ። እንደ ወረቀትሽ ነው የምሰጣት፤ አንዲት ጠብታ አላበዛሁም፣ አላጎደልኩም። ሁለት ወር ያደርሳል ብለሽኝ አልነበር? ሰባትን መቀነት ሲያስታጥቁት ሒሳብሽን አስፈቱት መሰለኝ። ለማንኛውም ሳያልቅ ሌላ ጠርሙስ ላኪ።

ስለ ቁጥሮቹ የጻፍሽውን ለአሰገደች አነበብኩላት፤ ሳቀች። እኔም ድቁና ስማር የግዕዙን ቁጥር ነበር ያስጠኑኝ። ሃያ ብትይ ፳ ነው፣ መቶ ብትይ ፻ ነው፤ ባዶ የሚባል ምልክት የለውም። አባቶቻችን የሌለ ነገር አይጽፉም ነበር። ባዶን የተማርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ለቅቄ አስኳላ ስገባ ነው፤ አንቺንም ያስተማርኩሽ ያንኑ ነው። ከፊት ሲቆም ዋጋ የለውም፣ ከኋላ ሲቆም ግን ያገነናል፤ ትዝ ይልሻል?

በይ ሰላም ሁኚ። አትፍሪ።

አጎትሽ ሀይሉ


አዲስ አበባ
ጥር ሃያ ሰባት ቀን

ጋሼ፤

ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ። ይህን ወረቀት ያገኘ ማንም ሰው ቢሆን፣ ከዚህ በታች ያለውን ከማንበቡ በፊት ይህን ይስማኝ፦ ለሩት መድኃኒቱ አይሰጣት። ዛሬ ምንም አይሰጣት። ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይዘዋት ይሂዱ፤ ጠርሙሱንም፣ ሲሪንጁንም፣ እኔ የጻፍኩትንም ወረቀት ይያዙ።

አሁን ላስረዳዎ።

ደብዳቤዎን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። «አልጣላትም» የሚለው ላይ ስደርስ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ «ጠርሙሱ ወገቡ ላይ ደርሷል» የሚለውን አነበብኩ። ስልሳ ሚሊ ነበር፤ ግማሹ ሠላሳ ነው። ሠላሳን ለስድስት ቀን ሳካፍለው አምስት መጣብኝ። በቀን አምስት! ጋሼ፣ እኔ ያዘዝኩት ጠዋት ግማሽ ሚሊ፣ ማታ ግማሽ ሚሊ ነው። ድምሩ በቀን አንድ ነው። አንድ ብቻ።

ከየት መጣ ብዬ ሳስብ የቀደመው ደብዳቤዎ ትዝ አለኝ። የግፊት ካርድዎ። ጠዋት አንድ፣ ማታ ባዶ። የኔንም እንዲሁ አነበቡት፤ ጠዋት ባዶ፣ ማታ አምስት። ሲሪንጁም አምስት ድረስ ብቻ የሚለካ ነው፤ እስከ አናቱ ይሞሉታል።

እርስዎ አልተሳሳቱም። በዚህ የምሠራበት ትምህርት ቤት፣ በኛ ቁጥር ውስጥ ነጥብ የምናደርግበት ቦታ ላይ እነሱ ነጠላ ሰረዝ ነው የሚያደርጉት። ግማሽን ባዶ ነጥብ አምስት ብለን የምንጽፈውን፣ ባዶ ሰረዝ አምስት ብለው ይጽፉታል። ሦስት ወር ሙሉ ነጥብ በጻፍኩ ቁጥር በቀይ እየከበቡ መለሱልኝ። ማታ ማታ እጄን ያለማመድኩት ይህንኑ ነው። ለርስዎ ስጽፍ ማን የሚያነበው እንደሆነ ረሳሁ። የሰባትን መቀነት ጽፌ አስቄዎ፣ ዋናውን «ስንገናኝ አጫውትዎታለሁ» ብዬ ዘለልኩት። ስንገናኝ!

ዶክተሩን አግኝቼዋለሁ። «ስንት ቀን ወሰደች?» አለኝ። ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ። «ትንፋሿን የሚያይ ሰው አጠገቧ ይሁን» ነው ያለኝ በመጨረሻ።

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድም አኃዝ አልጻፍኩም፤ ቀኑን እንኳ። ከእንግዲህ እጄን አላምነውም። ሦስት ቅጂ ነው የጻፍኩት፤ አንዱን ለሙዓዊያ፣ አንዱን ማሾ ሊጭን ለሚወርድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ አንዱን ወደ ካራቆሬ ለምትሄድ ናፊሳ ለምትባል ነጋዴ ሰጥቻለሁ። አንዱ ይደርሳል። አንዱ መድረስ አለበት።

ሐይማኖት


አዲስ አበባ
ጥር ሃያ ዘጠኝ ቀን

ጋሼ፤

ዛሬ ሙዓዊያ ፊቱን ይዞ መጣ። ከደብዳቤው በፊት ፊቱን አያለሁ ብዬዎት የለ? ደብዳቤው የራሴው ነበር። ከደብረ ሲና መልሰውታል። የጭነቱ ሾፌርም ከሱ ኋላ ነበር፤ እሱም ተመልሷል። ናፊሳ ግን ከመኪና ወርዳ ከሌሎች ሴቶች ጋር በእግሯ ቁልቁል ሄደች አሉኝ። የት እንደ ደረሰች የሚያውቅ የለም። የልጄ ሕይወት በማላውቃት ሴት መቀነት ውስጥ ተቋጥሮ አለ።

ይህን የምጽፈው በማን እንደምልከው ሳላውቅ ነው። ዝም ብዬ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

ሒሳብ ማስተማር ጠልቼ አላውቅም ነበር። አሁን ቁጥሩ አልላቀቅ አለኝ። በአሥራ ዘጠኝ ከጀመሩ፣ በቀን አምስት፣ ስልሳው በአሥራ ሁለተኛው ማታ ያልቃል። ማለቂያው ነገ ማታ ነው። የዛሬና የነገ ማታ ቀርቷል። መድኃኒቱ እንዲያልቅ የምትጸልይ እናት አይተው ያውቃሉ? ለሁለት ሳምንት «አንድ ጠርሙስ ስጠኝ» እያልኩ የለመንኩትን አምላክ፣ ጠርሙሱን ስበርልኝ እያልኩ እለምነዋለሁ። ሌላ ላኪ ባሉኝ ጊዜ በእጄ ስላልነበረ አመሰገንኩት።

ትናንት ክፍል ገባሁ፤ ካልገባሁ ያባርሩኛል። ሰሌዳው ላይ የቀኑን ምሳሌ ስጽፍ ያቺን ቁጥር ጻፍኳት። ባዶ፣ ጭረት፣ አምስት። እንደዚያው ቆሜ ቀረሁ። ልጆቹ እስኪስቁ ጠበቅሁ፤ አልሳቁም። አንዷ መጥታ እጄን ያዘችኝ። የሩት ቁመት ናት።

የሩትን አባት ቀብሬያለሁ ጋሼ። እርስዎ ነበሩ ክንዴን የደገፉኝ። ሁለተኛ አልችልም። ይህን ለርስዎ ካልተናገርኩ ለማን እናገራለሁ?

ደብዳቤዎን አሥር ጊዜ አነበብኩት። «ይዝላል» የሚለውን አልፈዋለሁ፣ «ይጎተታል» የሚለውን አልፈዋለሁ። ዕድሜዋን «አምስት» ሲሉ ዝም አለች የሚለው ላይ ስደርስ ግን ማለፍ አልችልም። ሩት ዝም አትልም። ሩት ተኩሏን ለማንም ትታ አታውቅም።

መንገዱ በተከፈተ ሰዓት ከሙዓዊያ ጋር እመጣለሁ። አትምጪ ቢሉኝም እመጣለሁ።

ሐይማኖት


ቀወት
የካቲት ፪ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.

ልጄ ሐይማኖት፤

ሩት አለች። አንቺ ደብዳቤ ስትከፍቺ እንዴት እንደምትሆኚ ስለማውቅ ይህን አስቀድሜዋለሁ። ሩት አለች፣ ትናንት አጥሚት ጠጥታለች፣ ዛሬ ጥጃይቱ የት ሄደች ብላ ጠይቃለች። አሁን ተቀመጪና ቀሪውን አንብቢ።

ናፊሳ ዛሬ ጠዋት ደረሰች። አራት ቀን ሙሉ ከቤት ቤት እያደረች፣ እግሯ አብጦ ነው የመጣችው። ደብዳቤሽን ከመቀነቷ ፈትታ ስትሰጠኝ ላቧ ገብቶበት ነበር። አሰገደች እግሯን አጥባት፣ አሁን ከኛ ዘንድ ተኝታለች። የጻፍሽውን ሁሉ አነበብኩ። ነገር ግን ሩት ደብዳቤሽን አልጠበቀችም። ማን እንደደረሰላት ልንገርሽ።

የዚያን የደስታ ደብዳቤ ለሙዓዊያ በሰጠሁት ማግስት፣ በጥር ፳፮፣ ረፋድ አለፈ፣ ምሳ አለፈ፣ ሩት አልነቃችም። ጠራናት፣ ፊቷን በውኃ አበስናት፤ ዐይኗን ገልጣ መልሳ ትከድናለች። አሰገደች ማልቀስ ጀመረች። እኔ «ልጅቷን አትረብሿት፣ ትተኛ» እላለሁ። ይህን እያልኩ መደቡ ላይ ተቀምጫለሁ።

ጎረቤታችን ፋዲላ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ መጣች። ታውቂያታለሽ፣ ዘመዶቿ አሊዩ አምባ ያሉት፣ ዓረብ አገር ሰባት ዓመት የሰው ልጅ ስታሳድግ የኖረችው። ሩትን አየቻት፣ ትንፋሿን አዳመጠች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ ሀይሉ፣ ምንድን ነው የሚሰጧት?»

ጠርሙሱን አሳየኋት። ወረቀቱን ከአንገቱ ፈትታ ወደ ብርሃን ይዛ ወጣች።

«ስንት ነው የሚሰጧት?»

«እንደ ተጻፈው ነዋ። ጠዋት ባዶ፣ ማታ አምስት» አልኳት።

«ያ ረቢ! ጋሼ፣ ይቺ መሐል ያለችው ጭረት ምንድን ናት?»

«መለያ ናታ። ጠዋትና ማታን የምትለይ።»

«አይደለችም። ወላሂ አይደለችም። እዚያ አገር የልጆቹ መድኃኒት ላይ እንዲህ ያለች ጭረት ነበረች፤ ከሙሉው በታች ያለውን ትለያለች። ይኼ አምስት አይደለም ጋሼ። ግማሽ ነው!»

ከዚያ የነገረችኝን አልረሳውም። እዚያ አምስት ቁጥር ክብ ናት፣ ባዶ ደግሞ ትንሽ ጠብታ ናት። መጀመሪያ የሄደች ሰሞን አምስቷን ባዶ መስላት ለታመመ ልጅ መድኃኒት ሳትሰጥ ውላ፣ እመቤቲቱ አስለቅሳታለች። «ከዚያ ወዲህ ቁጥር ሳይ ይህን የጻፈው የየት አገር ሰው ነው ብዬ እጠይቃለሁ» አለች። ሰባት ዓመት ባዕድ ቤት ለቅሳ ያመጣችው ዕውቀት የኛን ልጅ አዳነ። ወረቀቱን የጻፈው የማን አገር እጅ እንደሆነ እኔ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም።

ሩትን ታቅፋ ባጃጅ ላይ የወጣችው ፋዲላ ናት። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስቆሙን። «መታወቂያ» ሲሉን፣ ፋዲላ የልጅቷን ፊት ገልጣ አሳየቻቸው፤ ሌላ አልጠየቁንም። ሐኪም ቤት ጤና መኮንኑ ጠርሙሱን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ቀን ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶ ተኛች፤ ትንፋሿን በየተራ እየቆጠርን። ስቆጥር እየተሳሳትኩ ደጋግሜ ከአንድ ጀመርኩ። በሃያ ስምንት ከሰዓት በኋላ ዐይኗን ገልጣ ውኃ አለች።

አሁን የኔ ነገር። ጥፋቱን በሙሉ ለራስሽ ወስደሽዋል፤ አልሰጥሽም። የመጀመሪያ ቀን ሲሪንጁን እስከ አናቱ ስሞላው እጄ ቆሟል። አሰገደች «ለዚች ለሚጢጢ ይኼ ሁሉ?» አለችኝ። «ቁጥር የማነበው እኔ ነኝ» አልኳት። ሁለት ወር ያደርሳል ማለትሽን አስታውሳለሁ፤ ጠርሙሱ ሲጎድል አያለሁ። አንድ የሮቢት ነርስ ጠርቼ ወረቀቱን ባሳየው ምን ነበረበት? አንቺን ቁጥር ያስቆጠርኩ ሰው ነኝና፣ ያንቺን ጽሑፍ ለሌላ ሰው ማስነበብ ውርደት መሰለኝ። ልጅቷ በ፳፬ እግሯ ዝሎ ሁለት ጊዜ ወድቃ ነበር፤ አልጻፍኩልሽም። ትንሽ ነው አልኩ። በዚህ ቤት ትንሽ ነው የሚለው እኔ ነኝ፤ አይደለም የምትለው አሰገደች ናት። ይቅር በይኝ ልጄ። አንቺ ይቅር ካላልሽኝ የንስሐ አባቴም አይፈቱኝ።

መድኃኒቱ ከትናንት ጀምሮ በልኩ ተጀምሯል፤ ከተረፈው። አሰገደች ከራሷ ማተብ አንድ ክር መዝዛ ሲሪንጁ ላይ፣ ግማሹ ጋ አስራለታለች። ከክሩ አናልፍም። ጠዋትም ማታም ፋዲላ ሳታይ አይሰጥም።

ይህን አንብበሽ ልትመጪ እንደምትነሺ አውቃለሁ። አትምጪ አልልሽም፤ ያንን ቃል ያለ ልኩ ስለተጠቀምኩበት አልቆብኛል። ነገር ግን ሙዓዊያ «ዛሬ ያልፋል» ካላለሽ አትሳፈሪ። እፈራለሁ። ይኸው ጻፍኩት፤ እኔ ሀይሉ እፈራለሁ።

አንድ ነገር ነግሬሽ ላብቃ። ዛሬ ጠዋት ለምርመራ ወስደናት ነበር። ጤና መኮንኑ አዲስ ካርድ ሊያወጣላት «ዕድሜዋ ስንት ነው?» አለኝ። «አምስት» አልኩት። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ ሲያሳርፍ ከኋላዬ፣ አሰገደች ጀርባ ላይ ከታዘለችው ልጅ፣ ድምፅ መጣ። ደክሞ ነው የመጣው፤ ግን መጣ።

«ተኩል» አለች።

ጤና መኮንኑ ፈገግ ብሎ ከአምስቷ አጠገብ ምልክት ሊያደርግ ብዕሩን ዝቅ ሲያደርግ እጁን ያዝኩት።

«ልጄ፣ በቁጥር አይደለም» አልኩት። «በፊደል ጻፍልኝ።»

አጎትሽ ሀይሉ